የግሬሻም ኮሌጅ ንግግሮች፦ የብሪታንያን ታሪክና ሥነ ጽሑፍ በነጻ መማር ለሚሻ

ስለ ብሪታንያ ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍና ባህል በኢንተርኔት የሚሰጠው ንግግር እጅግ በዝቷል። ገሚሱ በነገሥታቱ የጓዳ ወሬ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ገሚሱ ደግሞ ጉዳዩን አስቀድሞ ያጠና ሰው ካልሆነ በቀር ለማንም አይገባም። ሁለቱንም ዓይነት ለዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ፤ አሁን ለጠየቀኝ ሁሉ ያለማመንታት የምጠቁመው የለንደኑን ግሬሻም ኮሌጅ ነው። ስሙ ኮሌጅ ይሁን እንጂ ተማሪ አይመዘግብም፣ አይፈትንም፣ ዲግሪም አይሰጥም። በየዘርፋቸው አንቱ የተባሉ ምሁራንን ፕሮፌሰር አድርጎ ይሾምና ለሕዝብ በነጻ እንዲናገሩ ያደርጋል፤ ሥራው ይኸው ነው። ንግግሮቹ ተቀርጸው በኮሌጁ ድረ ገጽና በዩቲዩብ የሚለቀቁ ሲሆን፣ እስካሁን የተጠራቀሙት ከ2,000 በላይ ናቸው። እዚህ የምገመግመው ታሪክን፣ ሥነ ጽሑፍንና ባህልን የሚመለከቱትን ብቻ ነው፤ የሒሳቡንና የሕክምናውን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንግግሮቹ በነጻ የሚሰጡበት ምክንያት ራሱ ከእንግሊዝ ታሪክ አንድ ጥሩ ምዕራፍ ነው። ሰር ቶማስ ግሬሻም በ16ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝን ይገዙ ለነበሩት የቱዶር ነገሥታት፣ ዛሬ ቤልጅየም ውስጥ ባለችው በአንትወርፕ ከተማ ገበያ ብድር ሲያፈላልግ የኖረ ባለጸጋ ነጋዴ ነበር። ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በ1571 የመረቀችውን ሮያል ኤክስቼንጅ የተባለውን የለንደን ነጋዴዎች መገበያያ ያሠራውም እርሱ ነው። በ1579 ሲሞት በተወው ኑዛዜ፣ ከዚያ መገበያያ የሚገኘው ኪራይ ለሰባት መምህራን ደመወዝ እንዲውልና መኖሪያ ቤቱም ማስተማሪያ እንዲሆን አዘዘ። አደራውን የተቀበሉት የለንደን ከተማ አስተዳደርና መርሰርስ የተባለው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች ማኅበር ነበሩ። ባለቤቱም ካረፈች በኋላ፣ በ1597፣ ነገረ መለኮት፣ ሥነ ፈለክ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃ፣ ሕግ፣ ሕክምናና የንግግር ጥበብ መሰጠት ጀመሩ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ ብቻ ነበሩ፤ የሚያስተምሩትም በላቲን ነው። ግሬሻም ኮሌጅ ግን ከላቲኑ ጎን በእንግሊዝኛም ያስተምር ስለነበር የለንደን ነጋዴና መርከበኛ ገብቶ ማዳመጥ ይችል ነበር። በኖቬምበር 28 ቀን 1660 ደግሞ የሥነ ፈለኩ ፕሮፌሰር ክሪስቶፈር ሬን ንግግሩን ከጨረሰ በኋላ ጥቂት ሰዎች እዚያው ተሰብስበው መከሩ፤ ከምክራቸውም ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ ማኅበር ተወለደ። ኮሌጁን ዛሬም የሚደግፉት እነዚያው ሁለቱ ባለአደራዎች ናቸው። ከ400 ዓመት በላይ የጸና ኑዛዜ በራሱ ያስደንቀኛል።

ከተናጋሪዎቹ መካከል ለጀማሪ መጀመሪያ የምጠቁማቸው ፕሮፌሰር ቨርነን ቦግዳኖርን ነው። በኦክስፎርድ ለረጅም ዓመታት ስለ መንግሥት አሠራር ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ዴቪድ ካሜሩንም ተማሪያቸው ነበሩ። ሲናገሩ ወረቀት አይዙም። ቀኑን፣ የፓርላማውን ድምፅ ቆጠራና የሚኒስትሮቹን አባባል ከቃላቸው እየጠቀሱ አንድ ሰዓት ያህል ይዘልቃሉ፤ ሐሳባቸውም ከመስመሩ አይወጣም። ብሪታንያ ከአውሮፓ ጋር ስለነበራት ግንኙነት በተከታታይ የሰጧቸው ንግግሮች በተለይ ጠቃሚ ናቸው። አገሪቱ በ1973 የአውሮፓን ማኅበረሰብ ተቀላቀለች፤ በ1975 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከመራጩ 67 በመቶው እንቆይ አለ፤ በ2016 ደግሞ 52 በመቶው እንውጣ አለ። ይህን መገለባበጥ በዜና ብቻ የተከታተለ ሰው የሕዝቡ ስሜት በድንገት የተለወጠ ይመስለዋል። ቦግዳኖርን ያዳመጠ ግን ጥርጣሬው ገና ከጅምሩ በሁለቱም ትላልቅ ፓርቲዎች ውስጥ እንደነበረ፣ አንድ ወጥ የተጻፈ ሕገ መንግሥት በሌላት አገር የፓርላማ ሉዓላዊነት ለምን ያን ያህል ስሱ ጉዳይ እንደሆነ ይረዳል።

እኔ ግን ደግሜ የማያቸው የፕሮፌሰር ሮናልድ ሃተንን ንግግሮች ነው። ሃተን በ2022 የነገረ መለኮት ፕሮፌሰር ሆነው ሲሾሙ የመረጡት ርዕስ ክርስትና ከመግባቱ በፊት በብሪታንያ ስለነበሩት እምነቶች ነበር፤ ከቅድመ ታሪክ ተነሥተው በሮማውያን ዘመን፣ በአንግሎ ሳክሰኖችና በቫይኪንጎች በኩል አልፈው መካከለኛው ዘመን ይደርሳሉ። ርዕሱ ለአፈ ታሪክና ለግምት የተመቸ በመሆኑ በኢንተርኔት ስለዚህ ጉዳይ የሚነገረው አብዛኛው መሠረት የለውም። ሃተን አንድን ነገር ከመናገራቸው በፊት ምንጩ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተጻፈ፣ ጸሐፊው ማን እንደነበረና ስለ አረማውያኑ የሚጽፈው ክርስቲያን መነኩሴ ምን ዓላማ ሊኖረው እንደሚችል ያስረዳሉ። ማስረጃው በሚያልቅበት ቦታ ላይ ቆመው፣ ከዚህ በኋላ ያለው ግምት ነው ብለው በግልጽ ይናገራሉ።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። በብዙ የእንግሊዝ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በድንጋይና በእንጨት የተቀረጹ፣ ከአፋቸው ቅጠልና ሐረግ የሚወጣ የሰው ፊቶች አሉ። ዛሬ አስጎብኚው ሁሉ እነዚህን የጥንት አረማውያን የጫካ አምላክ ቅሪት አድርጎ ይተርካል። ይህ ትርጓሜ የተስፋፋው ሌዲ ራግላን የተባሉ ሴት በ1939 በአንድ የፎክሎር መጽሔት ላይ ካወጡት ጽሑፍ ነው፤ ከዚያ በፊት ፊቶቹን ከአንድ አረማዊ አምላክ ጋር የሚያያይዝ የመካከለኛው ዘመን ማስረጃ የለም። ሃተን እንዲህ ያለውን ነገር ሲያፈርሱ በአድማጩ ላይ አይኮፈሱም። ሰዎች ይህን ማመን የፈለጉበትን ምክንያት በአክብሮት ያስረዳሉ፤ የመካከለኛው ዘመን ክርስትናም ራሱ በበዓልና በሥርዓት ምን ያህል የደለበ እንደነበረ በማሳየት የተወሰደውን ውበት በሌላ ይተካሉ። ቅዱሳን፣ ጠበል፣ ንግሥና ስእለት በሞላበት አገር ያደገ ሰው ይህን ክፍል ከብዙ እንግሊዛዊ አድማጭ በበለጠ ቅርበት ይከታተለዋል ብዬ አምናለሁ።

በሥነ ጽሑፍ በኩል ጆናታን ቤት የንግግር ጥበብ ፕሮፌሰር በነበሩባቸው ዓመታት ስለ ሼክስፒር የሰጧቸው ንግግሮች ከፍ ያለ ደረጃ አላቸው። ሼክስፒር በስትራትፎርድ የተማረው ትምህርት ከሞላ ጎደል ላቲን ነበር፤ ከሮማውያን ገጣሚዎች ደግሞ ኦቪድን አብዝቶ ወድዷል። ይህ ለእኛ አንባቢዎች ባዶ መረጃ አይደለም። ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን የሮሜዎንና የዡልየትን ታሪክ የሚያውቅ ሰው፣ ኦቪድ ከተረካቸው ታሪኮች መካከል ቤተሰብ የከለከላቸውን፣ በግድግዳ ስንጥቅ የሚነጋገሩትንና በመጨረሻም አንዱ ሌላው የሞተ መስሎት ራሱን የሚያጠፋበትን የሁለት የባቢሎን ወጣቶች ታሪክ ሲያገኝ ዝምድናው ወዲያው ይታየዋል። ብዙዎቹ ንግግሮች የሚሰጡበት ባርናርድስ ኢን የተባለው አሮጌ አዳራሽም ለሥነ ጽሑፍ እንግዳ አይደለም፤ ቻርልስ ዲክንስ ፒፕ የተባለውን ባለታሪኩን ለንደን ሲገባ ያሳደረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። ፕሮፌሰሮቹ የሚሾሙት ለጥቂት ዓመታት በመሆኑ የክምችቱ ይዘት በተሿሚው ፍላጎት ይወሰናል፤ አንዱ ዘመን በአሥር ንግግር ሲጥለቀለቅ ሌላው ባዶውን ይቀራል። የትኛው ለጀማሪ፣ የትኛው ለአዋቂ እንደሚሆን የሚለይ ምልክት ስለሌለ ተማሪው የራሱን ቅደም ተከተል ማውጣት አለበት። ሚዛኑ ወደ እንግሊዝና ወደ ለንደን ያደላል፤ ስኮትላንድና ዌልስ የሚገባቸውን ያህል አልተነገረላቸውም ባይ ነኝ። ተናጋሪዎቹ ደግሞ አድማጫቸው እንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት የገባ አድርገው ስለሚያስቡ የ1688ቱን አብዮት፣ የ1832ቱን የምርጫ ሕግ ማሻሻያ ወይም በ1846 የተሻሩትን የእህል ሕጎች ሳያብራሩ ጠቅሰው ያልፋሉ። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ ቀላል ነው፤ ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙበት ከ1066 ጀምሮ ያሉትን ዋና ዋና ዓመታት በአንድ ገጽ ጽፎ አጠገብ ማስቀመጥ።

እንግሊዝኛን ከመስማት ይልቅ ማንበብ ለሚቀናው ሰው የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጥቅም ለብዙዎቹ ንግግሮች በድረ ገጹ ላይ የጽሑፍ ቅጂ መኖሩ ነው። ጽሑፉን መጀመሪያ አንብቦ፣ የማያውቃቸውን ስሞች ለይቶ፣ ከዚያ ቪዲዮውን የሚከፍት ሰው የንግግሩን ፍጥነት አይፈራም። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ብዙ ዳታ እንደሚበላ የታወቀ ነው፤ ካርድ ለሚቆጥብ ሰው ንግግሮቹ በፖድካስት መልክ በድምፅ ብቻም ይገኛሉ። ታሪክን በድምፅ መከታተል አያስቸግርም፤ የሥነ ሕንፃና የሥዕል ንግግሮች ግን ያለ ምስሉ ግማሽ ይሆናሉ።

ከዚህ ቀደም ገንዘብ ከፍዬ የተመዘገብኩባቸው የንግግር አገልግሎቶች ነበሩ፤ ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም። ከአንዱ በቀር የጽሑፍ ቅጂ የሰጠኝ የለም፤ ቅጂውም ከጥቂት ቀን በኋላ ይዘጋ ነበር። በነጻ ከሚገኙት ውስጥ ከግሬሻም ጎን የሚቆሙት የቢቢሲ ሁለት ዝግጅቶች ናቸው። የመጀመሪያው በ1948 በበርትራንድ ራስል የተጀመረው ዓመታዊው የሪዝ ሌክቸርስ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ድንቅ ቢሆንም የብሪታንያን ታሪክ ዓላማው አላደረገም። ሁለተኛው ሜልቪን ብራግ ከ1998 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የመሩት፣ ሦስት ምሁራን በአንድ ርዕስ የሚወያዩበት የሬዲዮ ዝግጅት ነው። ውይይቱ ሕያው ቢሆንም ሦስት ሰዎች በፍጥነት እየተቀባበሉ ስለሚናገሩ ለጀማሪ ይከብዳል። አንድ ሰው አንድን ሐሳብ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሲገነባ መከታተል ለሚፈልግ ግሬሻም ይበልጣል።

በቀጥታ መከታተል ለሚፈልጉም ዕድሉ አለ። በለንደን አመሻሽ፣ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ላይ የሚጀምር ንግግር በአዲስ አበባ በእነርሱ ክረምት ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ በበጋቸው ደግሞ 2 ሰዓት ላይ ይውላል፤ በዋሽንግተን ያለ ሰው በአብዛኛው በምሳ ሰዓቱ ያገኘዋል። በንግግሩ መጨረሻ አድማጮች ጥያቄ ስለሚያቀርቡ ስለ ቪክቶሪያ ዘመን ወይም ስለ ሙዚየሞች ሲነገር እኛም የምንጠይቀው አለን። በኤፕሪል 1868 የናፒየር ጦር ከመቅደላ የዘረፋቸው ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን ራሳቸው ከመቅደላ ቅርሶች መምጣታቸው እንዳሳዘናቸው በፓርላማ ተናግረዋል። ይህ ጸጸት በአንድ መንግሥት መሪ አፍ ከተነገረ በኋላ መጻሕፍቱ በለንደን የቀሩት በየትኛው ሕግና በየትኛው ክርክር እንደሆነ፣ እንደ ቦግዳኖር ያለ ሰነድ አዋቂ በአንድ ሰዓት ሲያብራራው መስማት እፈልጋለሁ።