ዘጌን በጀልባ፦ ስምንት ሰዓት ላይ አትመለሱ

ወደ ጣና ሐይቅ ገዳማት የሚወስደንን ጀልባ ያስያዘልን ባሕር ዳር ያገኘነው አገናኝ ነው። «ሦስት ገዳም፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነስታችሁ ስምንት ሰዓት መልስ» አለን። ጊዜው የካቲት 2015 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሳምንቱ ነው። እማዬን ይዤ ጎጃም ስገባ ከስንት ዓመት በኋላ ነበርና ዋጋ አልተከራከርኩም።

መጀመሪያ ክብራን ገብርኤል ደረስን። ሴት እንደማትገባ የተነገረን እዚያ ደሴቱ ሥር ነው። በሥርዓቱ ቅር አላለኝም፤ አባቶች ያቆሙት ነው። ያዘንኩት ሁለት ሴቶች መሆናችንን እያየ ክብራንን ቆጥሮ ገንዘብ በተቀበለን ሰው ነው። እማዬ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ከጀልባው ላይ ሦስት ጊዜ እጅ ነሳች። እኔን ግን ሆዴን በላኝ። ስትይዙ «ሴት ይገባል ወይ?» ብላችሁ በየገዳሙ ስም ጠይቁ።

ዘጌ ስንወርድ ያገኘነው የአካባቢው አስጎብኚ ግን የተከፈለው ሁሉ ይገባዋል። እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም መንገዱ ቡና ለቡና ነው። ከዘጌው ጻድቅ ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባ ግዝት አለ ብሎ ነገረን፤ ሰዉ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ይኖራል፣ ጫካውም ለዚህ ተረፈ። የመግቢያውን ደረሰኝ ቆርጠው ይሰጣሉ። ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብእን ሥዕል ሳገኝ ሌላውን ረሳሁት። 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ሲማር፣ በልጅነቴ እማዬ እያነባች የነገረችኝ ታሪክ ይኸው ፊቴ ነው።

ልንወጣ ስንል ስድስት ሰዓት አልፏል። አንድ አባት «ልጄ፣ ቅዳሴ ሊገባ ነው፤ ሳታስቀድሱ ትሄዳላችሁ?» አሉን። በጾም ቅዳሴው የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የእኛ ጀልባ ደግሞ ስምንት ላይ መመለስ ነበረበት። አገናኙ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም፤ ጎብኚ እንጂ አስቀዳሽ አልመሰልነውም። ባለጀልባውን ለመንነው። ምንም ሳይል ጫማውን አውልቆ ከወንዶቹ ጋር ገባ።

ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም። የመነኮሳቱ ድምፅ ብቻ ከመጋረጃው ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በውጭ አገር ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን በማይክሮፎን የምታሰማው ዜማ ነው፤ እዚህ ግን ሲተነፍሱ ጭምር ይሰማል። ሲወጣ ጠበል ጠጣን፤ አንዲት እማሆይ በእማዬ መዳፍ ላይ የሽንብራ ንፍሮ አፈሱላት። ቀኑን ሙሉ የቀመሱት የመጀመሪያ እህል ያው ነበር፤ ከእሱ ላይ ነው ያካፈሉን።

ከሄዳችሁ ጧፍና ዕጣን ይዛችሁ ሂዱ፣ ዝርዝር ብርም አይጥፋ። ማታ ባሕር ዳር ስንወርድ ለባለጀልባው የቆየበትን ልጨምር ብል እጄን መለሰው፦

«ላስቀደስኩበትማ አልቀበልም፣ እቴ።»