ዘይቱ ከላይ የሚንሳፈፈው የለውዝ ቅቤ

ሾላ ገበያ አካባቢ አንድ ባልትና ቤት አለች። ስሟ ይቅር። ሁለት ጊዜ የለውዝ ቅቤ ገዝቼ አንዴ አስደስታኛለች፣ አንዴ አናዳኛለች።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ስከፍት ዘይቱ ሁለት ጣት ያህል ከላይ ተኝቷል። ባለቤቴ «ተበላሽቷል፣ መልሺው» አለኝ። አልተበላሸም! የለውዝ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ የሚያረጋው ነገር ካልተጨመረበት መለየቱ አይቀርም። በረጅም ማንኪያ ከሥር እያነሳሁ አማስዬ ፍሪጅ ከተትኩት። ለውዝ ለውዝ ይላል፣ ጨው ቆንጠር ተደርጎበታል። በሳምንት አለቀ።

ሁለተኛው ግን ጉድ ነው። በስኳር ተጥለቅልቆ ከሥሩ ምሬት አለው። አሮ ይሆናል፤ ሻግቶ ከሆነስ? በለውዝ ሻጋታ አይቀለድም። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ቢቆላም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ደፋሁት።

በንዴት አንድ ኪሎ የባቢሌ ለውዝ ገዛሁ። የተጨማደደውንና ቀለሙ የተለወጠውን ለቅሜ ጣልኩ። ምጣድ ላይ በቀስታ ቆልቼ፣ በእጄ አሽቼ፣ ልጣጩን በሰፌድ አበጠርኩ። ጁስ መፍጫው ውስጥ መጀመሪያ ዱቄት ሆነ፣ ቀጥሎ እንደ ሊጥ ተድቦለቦለ። ውሃ ልጨምር ብዬ ተውኩት፤ ደግ አደረግሁ፣ ውሃ ቶሎ ያበላሸዋል። ማሽኑን አሳርፌ ስደግመው ድንገት ዘይቱን ለቀቀና እንደ ማር ተዝለገለገ። ሞተሩ ግን መሽተት ጀምሮ ነበር። እናንተ በትንሽ በትንሹ ፍጩት።

አሁን ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ ሻይ ውስጥ እበጠብጣለሁ። ባልትና ቤቷ ጋ ከተመለስኩም ሳልቀምስ አልገዛም።