ለዲንሾው አስጎብኚያችን፦ ከእናቴና ከእኔ የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ሳምንት እናቴን ይዤ ባሌ ደርሼ መጣሁ። እናቴ በወጣትነቷ ጎባ አስተምራለች፤ ከዚያ ወዲህ እግሯ ረግጦት አያውቅም። "የሰነቲን አምባ አንድ ጊዜ ደግሜ ባየው" እያለች ነው የኖረችው። ምኞቷን ያሳካልን ዲንሾ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያገኘነው የአካባቢው አስጎብኚ ነው። ሳላመሰግነው ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

ከዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ነበር። ያኔ የያዝነው ሹፌር ቀይ ቀበሮ ባየ ቁጥር ከመንገድ እየወጣ በመኪና ይከተለዋል። ያተረፍኩት የሚሸሽ ጅራት ማየት ነው። የአሁኑ ልጅ ግን ሰነቲ እንደወጣን ሞተሩን አስጠፋና ዝም ብለን እንድንቀመጥ ነገረን። ቆይቶ ወደ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ጠቆመን፤ እሷ ባለችበት ፍልፈል አይጠፋም አለ። እውነትም ከጉድጓዱ አፍ ጭንቅላተ ትልቅ፣ ዓይኖቹ አናቱ ላይ የተቀመጡ ፍልፈል ብቅ ብሎ ሳር እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትት ጀመር። ቀበሮው ከኋላ በሆዱ እየተሳበ መጣ። አንድ እርምጃ፣ ቆም። ደግሞ አንድ እርምጃ፣ ቆም። እናቴ እጄን ጨምድዳ ይዛለች። ዘለለ፣ ፍልፈሉ ግን ቀድሞት ገባ። ቀበሮው አፈሩን አሽትቶ፣ እኛን ከቁብ ሳይቆጥር፣ በጅብራዎቹ መሀል አልፎ ሄደ።

በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 እንደማይበልጡ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም ባሌ እንዳሉ የነገረን ከዚህ በኋላ ነው። የውሻ እብደት በሽታ ብዙ እንደፈጀባቸው ሲያወራ ከቤተሰቡ ሰው የሞተበት ይመስል ነበር። መንገድ ዳር ያገኘውን የውኃ ፕላስቲክ ሁሉ እየለቀመ መኪናችን ውስጥ ይከታል።

4,377 ሜትር ወደሚረዝመው ቱሉ ዲምቱ ስንቃረብ እናቴን ራስ ምታት ያዛት። እኔ "ትንሽ ነው የቀረን" ስል እሱ "እናቴ፣ ተራራው ነገም አለ፤ አሁን እንውረድ" ብሎ ወደ ሀረና ጫካ አወረደን። ሪራ መንደር ስንደርስ ራስ ምታቷ ለቀቃት፤ እዚያው የጫካ ቡና ገዛን። እልህ ይዞኝ ብወጣ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

በማግስቱ ሶፍ ዑመር ዋሻ ወሰደን። የዌብ ወንዝ የሚገባበት ይህ ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሼህ ሶፍ ዑመር ከተከታዮቻቸው ጋር የጸለዩበት የተከበረ ቦታ ነውና ገና ሳንገባ አደቡን ነገረን። ድንጋያማው መውረጃ ላይ የእናቴን ክንድ አልለቀቀም። ሂሳብም ከተነጋገርነው በላይ አንድ ብር አልጠየቀንም።

ወደ ባሌ የምትሄዱ፣ በተለይ አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ ሰው ይዛችሁ አትድከሙ፤ ዲንሾ ላይ የአካባቢውን ልጆች ያዙ። ስሙንና ስልኩን ለፈለገ በውስጥ መስመር እልካለሁ።

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብከው፦ እናቴ "አዲስ አበባ ስትመጣ ቤታችን ሳትደርስ እንዳትመለስ" ብላሃለች። የሪራውን ቡና አስቀምጣልሃለች።