ለልጄ የአማርኛ መምህርት ምስጋና፣ ለደሴ ወላጆች ደግሞ ጥቆማ

የደሴ ወላጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ይህችን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ልጄን አማርኛ የሚያስተምሩትን መምህርት በአደባባይ ሳላመሰግን ዓመቱ ቢያልቅ ይቆጨኛል። ስሜን እንዳትጽፊ ብለውኛልና ቃላቸውን አከብራለሁ።

ልጄ ንባብ የጠላው በምክንያት ነው። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ አምስተኛ ክፍል ነበር። ተፈናቅለን ከተመለስን በኋላ ያኔ ይማርበት በነበረው ትምህርት ቤት ተነስቶ እንዲያነብ ታዘዘ፤ ሲንተባተብ ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። ከዚያ ወዲህ ስልክ ከሆነ እስከ እኩለ ሌሊት ነው፤ መጽሐፍ ሲያይ ግን ፊቱን ያዞራል።

እኚህ መምህርት ክፍል ውስጥ የመጽሐፍ ክበብ አቋቁመዋል። የክበብ ስም በር ላይ ተለጥፎ ሲቀር ብዙ አይተናል። የእሳቸው ከራሳቸው ፔሬድ ላይ ተቀንሶ በየሳምንቱ 40 ደቂቃ ይሠራል። 54ቱ ልጆች ስድስት ስድስት እየሆኑ ዘጠኝ ቡድን ይወጣቸዋል። ለአንድ ቡድን የሚደርሰው ሁለት ቅጂ ብቻ ስለሆነ ሦስት ሦስት ሆነው አንድ መጽሐፍ ላይ አጎንብሰው እየተቀባበሉ ያነባሉ። መጀመሪያ ስሰማ እጥረቱ አሳዝኖኝ ነበር። ለካ ልጄን ያተረፈው እሱ ነው፤ ሁለት ጓደኞቹ ፊት ቢንተባተብ የሚስቅበት የለም።

ሁሉም ሥራ አለው። አንዱ ጠያቂ፣ አንዱ ቃል ለቃሚ፣ አንዱ ያለፈውን አስታዋሽ ይሆናል፤ በየሳምንቱም ይቀያየራሉ። ጠያቂው መልሱ ገጹ ላይ የተጻፈ ጥያቄ ማምጣት አይችልም። «ማን መጣ?» አይሠራም፤ «ለምን ዝም አለ?» ይሠራል። መጽሐፉን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። እስከ 30ኛው ገጽ አንብበው ካልጣማቸው፣ ምክንያታቸውን ተናግረው ይመልሳሉ። የልጄ ቡድን ሁለት መልሷል። ሦስተኛው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሆነ።

ያን የሚያህል መጽሐፍ ይዞ ሲገባ፣ እውነት ለመናገር፣ ተስፋ አልነበረኝም። መምህርቷ ግን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን በሚሞሪ ጭነው ሰጧቸው፤ ድምፁን እየሰሙ ጽሑፉን በጣታቸው እንዲከተሉ። እናቴ ድምፁን እንደሰማች ከማድ ቤት ብቅ አለች። «ይኼ ወጋየሁ አይደለም እንዴ!» በእሷ ጊዜ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ቤት ተሰብስበው ነበር የሚያዳምጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያትና ልጅ አብረው ይሰማሉ።

አንድ እሁድ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ አቦሉን እየጠጣን ልጄ ደብተሩን ይዞ መጣ። የሳምንቱ ጠያቂ እሱ ነበር። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ስለተሳሉት ስለት አንብቦ፣ «እማማ፣ ሰው ልጁን ሳይጠይቅ ስለት ይሳልበታል?» አላት። እናቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «እኔም ባንተ ተስያለሁ» አለችው። ያኔ ከከተማ ስንወጣ፣ በሰላም ከመለስሽን ይህን ልጅ ይዤ ግሸን እመጣለሁ ብላ ለማርያም ተስላ ነበር። እኔ ልጇ እንኳ አላውቅም። ቶናው እስኪቀርብ ሁላችንም ዝም አልን። ልጄ ግን ይጽፍ ነበር። በነጋታው ለቡድኑ ይዞት ሄደ።

አሁን ወደ ጥቆማው። በሳምንት ለውጥ አትጠብቁ፤ የእኔው ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ምንም አላሳየኝም። መምህርቷ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ያሉ መምህራን ከጠሯቸው አሠራሩን ቅዳሜ ጠዋት ያለ ክፍያ ሊያሳዩ ፈቃደኛ ናቸው። በየትምህርት ቤታችሁ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ላይ አንሱት፤ የምትፈልጉም በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች የገዙት ከደመወዛቸው ነው። ቤታችሁ አቧራ የጠጣ ልብ ወለድ ካለ ስጡን፤ የአንድ ዓይነት ሁለት ቅጂ ከተገኘ ደግሞ አንድ ቡድን ሞላ ማለት ነው።

መምህርታችን፣ እግዜር ይስጥልን። ለመጪው መስከረም 21 ልጁን ይዘን ግሸን እንወጣለን። እናቴ የእርስዎንም ስም ይዛ እንደምትሄድ ንገሪልኝ ብላኛለች።