«አልሸጥልሽም» ብሎ የመለሰኝን ልጅ ላመስግን (ሀዋሳ ላላችሁ)

ሰላም የሀዋሳ ልጆች። ይህን ጽሁፍ ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት። የአኳሪየም አሳ የሸጠልኝን ልጅ ዛሬ አመስግኜ ነገ አሳዎቹ ቢሞቱ ምን እላለሁ ብዬ ፈራሁ። ይኸው ሦስት ወር ሞላቸው፣ አንድም አልሞተብኝም። አሁን መናገር እችላለሁ።

ሀይቅ አፍ ላይ ተቀምጬ አሳ በገንዘብ የምገዛ ሴት መሆኔን ጎረቤቱ ሁሉ ስቆበታል። ያውም የአሳ አጥማጅ ልጅ ነኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሞራ ገደል የአሳ ገበያ በሚያመጣው ነው ያሳደገን። እኔም የቆሮሶ አሳ ቅርፊት ስፍቅ ያደግኩ ነኝ። የማውቀው አሳ ግን ወደ መጥበሻ የሚሄደውን ነው። በሕይወት ስለሚኖረው ምንም አላውቅም ነበር። ልጄ ስምንት ዓመት ሲሞላት አኳሪየም ካልገዛችሁልኝ ብላ አለቀሰች፣ መከራዬም ተጀመረ።

የመጀመሪያው ሻጭ (የት እንደሆነ አልናገርም) በአንዲት ክብ መስታወት ሁለት ጎልድ ፊሽ፣ አንድ ፋይተር፣ አምስት ጋፒና አንድ «መስታወት ጠራጊ» የሚሉትን አሳ ጨምሮ ሰጠኝ። ይስማማሉ ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ፣ በእውነት ጠይቄዋለሁ። «አሳ ከአሳ ምን ያጣላዋል?» አለኝ። በሦስተኛው ቀን የጋፒዎቹ ጭራ እንደ አሮጌ መጋረጃ ተተልትሎ አገኘነው። ቀጥሎ ጎልድ ፊሾቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አየር ይፈልጉ ጀመር። በአሥራ አንድ ቀን ሁሉም አለቁ። ሄጄ ስነግረው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አሳ ነው፣ ይሞታል፤ ሌላ ውሰጂ» አለ። ውሃውን በየጠዋቱ ሙሉ በሙሉ ቀይሪ ያለኝም እሱ ነው። እኔም ታዝዤ በየጠዋቱ ከቧንቧ እየቀዳሁ ስሞላ ነበር። ለካ በገዛ እጄ ነው የፈጀኋቸው።

ሁለተኛው ደግሞ ትልቅ አራት ማዕዘን ገንዳ፣ ሰባት ትንንሽ አሳዎችና አንድ የኦስካር ጫጩት ሸጠልኝ። «ይሄ ጠንካራ ነው፣ አይሞትም» አለኝ። አልዋሸም፣ አልሞተም። ሌሎቹን ግን በላቸው። ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት እየቆጠረች «እማ፣ ዛሬ አምስት ናቸው»፣ በነጋታው «ዛሬ ሦስት ናቸው» ትለኝ ነበር። መቀነስ በደንብ የገባት ያኔ ይመስለኛል። ልጅን እንዲህ ማስለቀስ ምን ይባላል? ገንዘቡ ይቅር፣ እሱን ትቼዋለሁ።

በመጨረሻ ኦስካሩን በባልዲ ይዤ ሀይቅ ልለቀው ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ ባልዲው ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ስነግረው «እህቴ፣ አንድ ልጅ አለ፣ መጀመሪያ እሱን ጠይቂው» ብሎ መንገድ ቀይሮ ወሰደኝ።

የልጁ ሱቅ ከፀጉር ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፣ ታፔላ እንኳ የላትም። ልጁ ባልዲዬን አይቶ እንደ ሌላው ሰው አልሳቀም። ሀይቅ ልለቀው መሆኑን ስነግረው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «እህቴ፣ ይሄ የዚህ አገር አሳ አይደለም፣ ዘሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ሀይቁ ውስጥ ገብቶ ቢራባ ወይም በሽታ ቢያስገባ ማን ይመልሰዋል?» አለኝ። ከዚያ ሀይቅ በተገኘ እንጀራ ያደግኩ ሰው ይህን አለማሰቤ አሳፈረኝ። ኦስካሩን ተቀብሎ ብቻውን ሰፊ ገንዳ ውስጥ አደረገው። ወደ 30 ሴንቲሜትር ያድጋል፣ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል፣ ጥፋቱ የሱ አይደለም አለኝ።

እኔም ብር አውጥቼ «በል የሚስማሙትን ስጠኝ» አልኩ።

«ዛሬ አልሸጥልሽም።»

በዚህች ከተማ ብር ይዤ ቆሜ አልሸጥም ያለኝ ነጋዴ እሱ ብቻ ነው። ገንዳው ስንት ሊትር ነው ሲለኝ አላውቅም አልኩ። «ስንት ጀሪካን ፈጀ?» አለኝ። ይሄማ የሚገባኝ ቋንቋ ነው! የ20 ሦስት አልኩት፣ 60 ሊትር መሆኑን ያን ቀን አወቅኩ። የሞቱብኝንም አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ጎልድ ፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ይወዳል፣ በጣም ያቆሽሻል፣ ትልቅም ይሆናል። ፋይተሩ ሞቅ ያለ ይፈልጋል፣ ሰፊ ጭራ ያየ እንደሆነ ባላንጣ መስሎት ይቦጭቃል። ያ መስታወት ጠራጊ ከ40 ሴንቲሜትር በላይ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ገንዳ ውስጥ መዞሪያም አያገኝም። እንግዲህ «አሳ ከአሳ ምን ያጣላዋል» ያለኝ ሰው ይህን ይስማ።

ከዚያ ከራሱ ገንዳ ፊልተር ውስጥ ያረጀ፣ ቡናማ የሆነ ስፖንጅ ቆርጦ እርጥቡን በፌስታል ሰጠኝ። ለውሃሽ እርሾ ነው አለ። ስለማይታዩ ነገሮችና ቆሻሻውን ስለሚበሉት ብዙ አስረዳኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። እርሾ ያለው ግን ገባኝ። ቤት ደርሼ በረኪና እያዘጋጀሁ ስልኬ ጮኸ። «እህቴ፣ እንዳታጥቢው ልል ነው!» በምን አወቀ?

ሦስት ሳምንት ባዶ ገንዳ አበላሁ። አዎ፣ አሳ የሌለበትን። በየቀኑ ትንሽ ምግብ ጣል አድርጊ ብሎኝ ነው። ባለቤቴ «አሁን ደግሞ ውሃ ትቀልቢያለሽ?» እያለ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃውን በሃይላንድ ቀድቼ እወስድለታለሁ፣ ጠብታ ጨምሮ ቀለሙን አይቶ «ገና ነው» ይለኛል። በሦስተኛው ቅዳሜ ፈገግ አለና ስድስት ጋፒ ሰጠኝ፣ ሁሉም ወንድ። ልጄ ሴቶቹስ ብትለው፣ ሴቷ አንዴ ካረገዘች ወንድ ባይኖርም ለወራት ደጋግማ ትወልዳለች፣ ቤታችሁን ትሞላዋለች አላት። ፕላቲ የሚባሉትን ሌሎች ትንንሽ አሳዎች የሰጠኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ እነሱንም ወንድ ብቻ። ፌስታሉን ሳይፈታ 20 ደቂቃ ገንዳው ላይ ማንሳፈፍ፣ ከዚያ በሲኒ በሲኒ ውሃውን እየጨመሩ ማላመድ፣ ለመቀየሪያ የሚሆነውን የቧንቧ ውሃ አንድ ቀን በክፍት ባልዲ ማሳደር፣ በሳምንት ሩቡን ብቻ መቀየር፤ ሁሉንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ለስፖንጁም ለምርመራውም አምስት ሳንቲም አልተቀበለኝም።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ስለ አንዲት ሌሊት ነው። ኅዳር ላይ ነው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት መብራት ጠፋ፣ ሂተሩም ፊልተሩም ቆመ። ልጄ ማልቀስ ጀመረች። እያፈርኩ ለልጁ ደወልኩ፣ በሁለተኛው ጥሪ አነሳ። ገንዳውን በወፍራም ነገር ጠቅልይው፣ ምግብ እንዳትሰጪያቸው፣ በየተወሰነ ጊዜ በኩባያ ውሃውን እየቀዳሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍሺው፣ አየር ያገኛሉ አለኝ። የአባቴን ጋቢ አለበስኩት። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ ብዙ አትናገርም። ያን ሌሊት ግን ኩባያውን ከእጄ ተቀብላ በሻማ ብርሃን ስትቀዳና ስታፈስ «አባትሽ አሳ በጋቢው ሲሞቅ ቢያይ ምን ይል ነበር?» ብላ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ። መብራት የመጣው ሌሊት 9 ሰዓት ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መልእክት ላከልኝ፦ «እንዴት አደሩ?»

ሁሌ አንቺ የሚለኝ ልጅ ምን ነካው፣ አንቱ አለኝ እንዴ ብዬ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ እንዴት አደርክ?» አልኩት። «አሳዎቹን ነው እህቴ» አለኝ።

እባካችሁ፣ ለልጆቻችሁ አሳ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብራችሁን ከማቃጠላችሁ በፊት እሱ ጋ ሂዱ። ገዝታችሁ እየሞተባችሁም ከሆነ ሂዱ። ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፣ አላስፈቀድኩትም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄው እሰጣችኋለሁ። አልሸጥም ካላችሁ አትቆጡት። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ተዉልን፣ እናቴና ልጄ ከሱ ጋር ወንበር ስበው የሚያወሩበት ሰዓት ነው።

ባጃጅ ነጂው ወንድሜ፣ ይህን ካየህ፦ ኦስካሩ ደህና ነው፣ አሁን መዳፌን ያህላል። ባልዲዬም እዚያው ቀርቷል።