ከካዛንቺስ እስከ ቦሌ፦ የንግድ አስተርጓሚዎች አገልግሎት ሲመዘን

አዲስ አበባ ለአስተርጓሚ አዲስ አይደለችም። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚህችው ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ ስታዲየምና ካዛንቺስ አካባቢ ትልቅ ስብሰባ ያለ አስተርጓሚ አይታሰብም። ያ ልምድ ግን የትልልቅ አዳራሽ ነው፣ የእንግሊዝኛና የፈረንሳይኛ። ሆቴል ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ከበው ስለ ማሽን ዋጋ የሚደራደሩ ስድስት ሰዎች የሚፈልጉት ሌላ ዓይነት ሙያ ነው። እዚህ የምንመዝነው ይህንኑ፣ በግማሽ ቀን ወይም በሙሉ ቀን ሂሳብ የሚቀጠሩትን የአማርኛ፣ የእንግሊዝኛና የቻይንኛ አስተርጓሚዎች ሥራ ነው።

በመጀመሪያ የሰዓት ነገር። ለድርድር የሚሻለው ተራ በተራ መተርጎም ነው፤ አንዱ ይናገራል፣ ያቆማል፣ አስተርጓሚው ይቀጥላል። ስለዚህ የሁለት ሰዓት አጀንዳ ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። ይህን ሳያስቡ ግማሽ ቀን የሚይዙ ደንበኞች ዋናው ነጥብ ማለትም ዋጋው ላይ ሲደርሱ ሰዓቱ ያልቅባቸዋል። እንግዳው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ጆሮው ሥር ድምፅን ዝቅ አድርጎ መተርጎም ይበቃል። ተናጋሪው ሳያቆም፣ በጆሮ ማዳመጫና በቡዝ (ድምፅ በማያስገባ ትንሽ ክፍል) የሚሠራው ደግሞ ሁለት አስተርጓሚ ይጠይቃል፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እየሠሩ ይቀያየራሉ፣ ምክንያቱም አእምሮ ከዚያ በላይ ሲጎተት ስህተቱ ይበዛል። «አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ይሸፍነዋል» የሚል አቅራቢ ሲገጥማችሁ ተዉት።

የቋንቋ ችሎታቸው በአብዛኛው ጥሩ ነው። ልዩነታቸው የሚታየው ቁጥር፣ ቀንና «እሺ» ላይ ነው።

ቻይንኛ አሥር ሺህን «ዋን» ብሎ እንደ አንድ መቁጠሪያ ይይዘዋል። እኛ 350 ሺህ የምንለው ለእነሱ 35 ዋን ነው። አስተርጓሚው በአንድ እስትንፋስ ሒሳቡን መቀየር አለበት፤ አንድ ዜሮ የምትጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ከመቅጠራችሁ በፊት «አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሰባ ሺህ» በሉትና 127 ዋን ለማለት ምን ያህል እንደሚፈጅበት ተመልከቱ። ጎበዙ በቃሉ አይተማመንም፤ ቁጥሩን ወረቀት ላይ በአኃዝ ጽፎ ለሁለቱም ወገን ያሳያል። ይህን ልማድ ያደረገ አስተርጓሚ ካገኛችሁ አትልቀቁት።

ቀጠሮና ቀን ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ውል የሚበላሸው በእሱ ነው። «ጠዋት 3 ሰዓት» ለእንግዳው 9 ሰዓት ተብሎ ካልተነገረው ከቀትር በኋላ ይመጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የጽሑፉ ነው። ፕሮፎርማ ላይ 30/10/2017 ተብሎ የተጻፈውን የውጭ ሰው ያለፈ የኦክቶበር ቀን አድርጎ ያነበዋል፤ እኛ ግን የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበትን ሰኔ 30 ማለታችን ነው። መፍትሔው የወሩን ስም በፊደል መጻፍና ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፤ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጁላይ 7 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ብሎ።

አሁን ወደ «እሺ»። እንግዳው «በ45 ቀን ታስረክባላችሁ?» ይላል። የእኛ ሰው «እሺ» ይላል፤ ሰምቻለሁ፣ ቀጥሉ ለማለት። ደካማው አስተርጓሚ «አዎ» ብሎ ያልፋል፣ እንግዳውም ማስታወሻው ላይ እንደ ቃል ኪዳን ይመዘግበዋል። ጎበዙ ግን ጥያቄ እንዳለው ለሁለቱም ወገን በግልጽ ይናገርና «እሺ ያሉት ተስማምተው ነው ወይስ መስማትዎን ለመግለጽ?» ብሎ ያጣራል። ከራሱ መጨመር አይፈቀድለትም፤ ማጣራት ግን ሥራው ነው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት አጭር «እ» እንኳ ለማያውቃት የውጭ ሰው ድንጋጤ ትመስላለች። «እስቲ እናያለን» ደግሞ ብዙ ጊዜ በይሉኝታ የተሸፈነ «አይሆንም» ነው። በቻይናውያኑም በኩል «እናጠናዋለን» የሚለው መልስ እንዲሁ የጨዋ እምቢታ ሊሆን ይችላል።

ጥሩ አስተርጓሚ «እሱ የሚለው ምንድን ነው…» ብሎ አይጀምርም፤ ተናጋሪውን ሆኖ «እኔ» ይላል። በእንግሊዝኛ ለሁሉም ሰው አንድ የሆነውን «ዩ» የሚለውን አጠራርም በአማርኛ ለሽማግሌው ባለሀብት «እርስዎ»፣ ለወጣቱ መሐንዲስ እንደ ደረጃው ያደርገዋል። ስምም ያቃናል፤ እንግዳው የአባትን ስም የቤተሰብ ስም መስሎት «ሚስተር» ብሎ ሲጠራበት ትክክለኛው አጠራር አቶና የራሱ ስም መሆኑን ገና ከመግቢያው ያስረዳል።

ትልቁ ቅሬታችን ዝግጅት ላይ ነው። ብዙ አቅራቢዎች ሰነድ አይጠይቁም፣ ደንበኛውም አይልክም። ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ፕሮፎርማውን፣ የማሽኑን ዝርዝር፣ ረቂቅ ውሉንና የተሳታፊዎችን ስም ከነማዕረጋቸው ላኩ፤ 30 ያህል የሙያ ቃላት ለይታችሁ ግማሽ ሰዓት አብራችሁት ተነጋገሩ። «ቀብድ» እና «ቅድመ ክፍያ» በውሉ ውስጥ አንድ እንዳልሆኑ ስብሰባው መሃል ላይ መማር የለበትም። ለዚህች ግማሽ ሰዓት የሚከፈለው ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ ሁሉ የተሻለ ዋጋ ያለው ነው።

ሌላም አለ። ከስምምነቱ ኮሚሽን የሚያገኝ አስተርጓሚ ደላላ ነው እንጂ አስተርጓሚ አይደለም፤ ውሉ እንዲፈረም ስለሚፈልግ ሻካራውን ቃል ያለሰልሰዋል። ፊት ለፊት ጠይቁት። ከባድ ገንዘብ ላለበት ውል እንግዶቹ ያመጡት ሰው ቢኖርም የራሳችሁን ያዙ፤ ውሉ በሁለት ቋንቋ ከተጻፈም የትኛው የበላይ እንደሚሆን አንቀጽ ይግባበት።

የምሳውን ቀጠሮም አስቡበት። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም የእኛ ሰው ሥጋ ሲቀርብለት እምቢ ማለቱ ለእንግዳው ቅሬታ እንዳይመስለው አስቀድሞ ይነገረው። አስተርጓሚውም ገበታ ላይ ሲያወራ ስለሚውል፣ ከምሳው በፊት ወይም በኋላ የሚበላበት 30 ደቂቃ ስጡት።