የእንቁላል መጣያ ሳጥን ልትገዙ ነው? እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ ላሜራና ባለ ዘቅዛቃ ወለል ሲነጻጸሩ

ሳጥኑን ገዝታችሁ ዶሮ ቤት ውስጥ አስቀመጣችሁ። ጉዝጓዙን አነጠፋችሁ። ዶሮዋ ግን አንገቷን አስግጋ አየት አደረገችውና አለፈች። እንቁላሉን የጣለችው ከመኖ ጆንያው ጀርባ ነው።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ቄቦች ስገዛ ይሄው ገጠመኝ። ሳጥኑን የመረጥኩት በመልኩ ነበር። ፊቱ ሰፊ፣ ውስጡ ብርሃን የሞላበት ነጭ ፕላስቲክ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየጥጉ እንቁላል ስፈልግ ከረምኩ። አንዱ ተሰብሮ፣ ሌላው ኩስ ላይ ወድቆ ነው የማገኘው። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹንም ዓይነቶች ሞክሬያለሁ። አንድ ነገር ገብቶኛል፦ ሳጥን የሚመረጠው በሰው ዓይን ሳይሆን በዶሮዋ ዓይን ነው።

ዶሮ ልትጥል ስትል ጠላት የማያያት ቦታ ነው የምትፈልገው። ጎንና ጎኑ፣ ጀርባውና ጣሪያው የተሸፈነ፣ ውስጡ ደብዘዝ ያለ፣ ሥሩ ላይ በእግሯ ቧጥጣ ጎድጎድ የምታደርገው ለስላሳ ነገር ያለበት። ሳጥኑ ከምንም ይሠራ፣ ይሄን ካላሟላ አትገባበትም።

መጠኑን አስቀድሙ

ለመካከለኛ ዶሮ ወርዱ፣ ቁመቱና ጥልቀቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ሳጥን በቂ ነው። ግዙፍ ዝርያ ካላችሁ ከ35 እስከ 40 ሳንቲሜትር ያለውን ፈልጉ። ሰፋ ሲል ይሻላል ብላችሁ አትግዙ። ሰፊ ከሆነ ሁለት ዶሮዎች ተጋፍተው ይገቡና እንቁላል ይሰበራል።

አንድ ሳጥን ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ ይበቃል። እኔ ግን አምስት ዶሮ ላለውም ሰው ሁለት ግዛ ነው የምለው። አንዷ ልታቅፍ ካማራት 21 ቀንና ከዚያም በላይ ቦታውን ይዛ አትነሳም። ያን ጊዜ ሌሎቹ ወደ ጥግ ይመለሳሉ።

እንጨት ወይስ ፕላስቲክ?

ብዙ ሰው የሚያመነታው እዚህ ላይ ነው።

እንጨትን ዶሮዎች ቶሎ ይለምዱታል። ውስጡ ይጨልማል፣ ሲቧጥጡት አይጮህም፣ ሙቀትም ብርድም ቶሎ አይለዋወጥበትም። ለባለቤቱም ይመቻል። ደፉ አጠረ ካላችሁ አንድ ጣውላ ትመቱበታላችሁ። ብርሃን በዛበት ካላችሁ ከፊቱ ቁራጭ ጨርቅ ትሰቅላላችሁ። ፕላስቲክን እንዲህ እንደፈለጉ ማስተካከል ከባድ ነው።

የእንጨት ችግሩ ስንጥቁ ነው። ደም የሚመጥ ቀይ ቅንቅን ቀን ቀን በጣውላው መጋጠሚያ ውስጥ ተደብቆ ይውልና ማታ ዶሮዎቹ ላይ ይወጣል። የተወረረ ሳጥን ደግሞ ዶሮዎች ይሸሹታል። ደህና ስትጥልበት የነበረች ዶሮ በድንገት ሳጥኑን ከጠላችው መጀመሪያ የማየው ይሄንን ነው። ሲመሽ ነጭ ሶፍት በመጋጠሚያው ላይ ጠረግ አድርጉ። ቀይ የደም ነጠብጣብ ከታየ ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ እንጨት ከመረጣችሁ መጋጠሚያው ያነሰ፣ ወለሉ ተነቅሎ የሚወጣ ይሁን። ኮምፔንሳቶ ከሆነ ጠርዙን በደንብ እዩት። እርጥበት ከገባው ይላላጥና ለተባዩ መደበቂያ ይሆናል።

ፕላስቲክ በንጽህና ይበልጣል። አውጥቶ በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ አድርቆ መመለስ ነው። ቅንቅን ከጠርዙ እጥፋት በቀር ብዙ መደበቂያ አያገኝም። ለጀማሪ እኔ የምመክረው ይሄንን ነው፤ ግን ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ ብርሃን አያሳልፍ። እጃችሁን ውስጡ አስገቡና ሳጥኑን ወደ ፀሐይ አዙሩት። በግድግዳው በኩል የእጃችሁ ጥላ ከታየ ተዉት። የኔ ነጩ ሳጥን ጥፋቱ ይሄ ነበር። ወፍራምና ጠቆር ያለውን ምረጡ። ሁለተኛ፣ ግድግዳ ላይ በብሎን የሚታሰርበት ቀዳዳ ይኑረው። ፕላስቲክ ቀላል ስለሆነ ዶሮዋ ደፉን ስትረግጠው ይወዛወዛል። አንዴ ከደነገጠች በቀላሉ አትመለስም።

ላሜራ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ትልልቅ እርባታዎችም ይጠቀሙበታል። ለጓሮ ግን አላደላለትም። ፀሐይ ሲመታው ይግላል፣ በብርድ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ ጥፍር ሲነካው ይንኳኳል። ዶሮ ቤታችሁ ጥላ ውስጥ ከሆነና ጉዝጓዙን ካወፈራችሁት ይሠራል።

ባለ ዘቅዛቃ ወለል

ይሄኛው ወለሉ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። ዶሮዋ ጥላ ስትነሳ እንቁላሉ ቀስ ብሎ ይንከባለልና ወደ ተሸፈነ ትሪ ይገባል። ከሁሉም ውድ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው።

ጥቅሙ እውነተኛ ነው። እንቁላሉ ንጹሕ ይሆናል፣ አይረገጥም። ከሁሉ በላይ እንቁላል መብላት የለመደች ዶሮ ያለችው ሰው ይገላገላል። ብታየው አይደርስላትማ። ከሥሯ እንቁላል ስለማይከማችም ለማቀፍ ብዙ አይገፋፋትም።

ግን ጭድ ላይ መጣል የለመደች ዶሮ ይህን ሳጥን ላትቀበለው ትችላለች። እንቁላሉ እንዲንከባለል ጭድ ስለማይደረግበት ሥሩ የሚነጠፈው ሰው ሠራሽ ሳር ወይም የጎማ ምንጣፍ ነው። ለሷ ደግሞ ጎጆ ማለት ቧጥጦ ማጎድጎድ ነው። አንድ መላ አለ። መጀመሪያ እንቁላሉ የሚወርድበትን ክፍተት ዘግታችሁ ምንጣፉ ላይ ጭድ አድርጉ። መግባት ስትለምድ ጭዱን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ቀንሱት፣ በመጨረሻ ክፍተቱን ክፈቱ። ሌላ ቦታ ጥለው የማያውቁ ቄቦች ግን ከጅምሩ ቢያገኙት በቀላሉ ይለምዱታል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ እንቁላል ይዛችሁ ሂዱና ወለሉ ላይ አስቀምጡት። በዝግታ ተንከባልሎ ለስላሳ ነገር ላይ ማረፍ አለበት። ተንደርድሮ ከጠርዙ ጋር ከተላተመ ይሰነጠቃል፤ ተዳፋቱ ሲበዛ ዶሮዋም እግሯ እየከዳት አትቀመጥም። ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ለምን ከፈላችሁበት? ተዳፋቱ ከፍና ዝቅ የሚደረግ ከሆነ በጣም ጥሩ።

በኔ አስተያየት ጠዋትና ከሰዓት እንቁላል የሚሰበስብ ሰው ቤት ካለ ይሄ ወጪ አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ ውጭ ለሚውል ወይም እንቁላል የምትበላ ዶሮ ላስመረረችው ግን ዋጋው ይገባዋል።

ከውጭ በክዳን የሚከፈቱ ሳጥኖችም አሉ። ዶሮ ቤቱ ውስጥ ሳትገቡ እንቁላሉን ታወጣላችሁ፤ ለልጆችም ይመቻል። ማጠፊያው በኩል ዝናብ እንዳያስገባ፣ መቆለፊያውም አውሬ የማይከፍተው መሆኑን እዩ።

ምንም ሳትገዙ መሞከር ለምትፈልጉ 20 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በጎኑ አስተኝታችሁ እንዳይንከባለል እሰሩት። ክዳኑን ለሁለት ቆርጣችሁ የታችኛውን ግማሽ መልሳችሁ ብትገጥሙት ጉዝጓዙን የሚይዝ ደፍ ይሆናል። ዶሮዎቼ ከዚያ ነጭ ሳጥን ይልቅ ጥቁር ባልዲ መርጠዋል።

ከገዛችሁ በኋላ

ጥሩ ሳጥንም ያለቦታው ከተቀመጠ ባዶውን ይቀራል። ከወለሉ ከ30 እስከ 60 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጉት፤ ለከባድ ዶሮዎች ዝቅ ያለው ይሻላል። አፉን ከመስኮቱ አዙሩት። ቆጡ ደግሞ የግድ ከሳጥኑ በላይ ይሁን። ዶሮ ከፍ ያለ ቦታ ማደር ስለምትወድ ሳጥኑ ከበለጠ እዚያው ታድርና ሌሊቱን በኩስ ትሞላዋለች። ጣሪያው ጠፍጣፋ ከሆነም ላዩ ላይ ይሰፍራሉ፤ ሹል ተዳፋት ያለውን ምረጡ።

ቄቦች ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ሳምንት ባለው ዕድሜ መጣል ይጀምራሉ። ሳጥኑን 16ኛው ሳምንት ገደማ አስገቡት፤ ሳይቸኩሉ እንዲመረምሩት። የእንጨት ወይም የሴራሚክ የውሸት እንቁላል አስቀምጡበት። ሌላ ዶሮ እዚህ ጥላለች ብላ ታምናለች። የጎልፍ ኳስም ያገለግላል።

መሬት ላይ መጣል ከለመዱ ለአንድ ሳምንት ያህል እስከ ረፋዱ ድረስ ከዶሮ ቤቱ አታውጧቸው። አብዛኞቹ የሚጥሉት ጠዋት ነው። መሬት ላይ ያገኛችሁትን እንቁላል ወዲያው አንሱ፤ ሌላዋ አይታ ትከተላለች። የሚወዱት ጨለማ ጥግ ካለ ጣውላ አጋድማችሁ ዝጉት ወይም ብርሃን አስገቡበት። ጉዝጓዙ ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይወፍር። ጭድም ሰጋቱራም ይሆናል፤ ድርቆሽ ግን እርጥበት ካገኘው ይሻግታል።

አሮጌ ሳጥን በአዲስ የምትለውጡ ከሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን አቆዩአቸው። አዲሱ ውስጥ የመጀመሪያውን እንቁላል ሳታገኙ አሮጌውን አታንሱት።